ኮምፖስት፣ የትል ኮምፖስት፣ ጉዝጓዝ ወይስ የታሸገ ባክቴሪያና ፈንገስ? ለጓሯችሁ አፈር የሚበጀውን መምረጥ

ስለ አፈር ሕይወት ትንሽ ያነበበ አትክልት ወዳድ ብዙ ሳይቆይ ምርጫ ውስጥ ይገባል። ኮምፖስት ላዘጋጅ? ትል ላርባ? በፓኬት የሚሸጠውን ፈንገስ ልግዛ? ወይስ መደቡን በጉዝጓዝ ሸፍኜ ልተወው? ሁሉም "ጠቃሚ ረቂቅ ተሕዋስያንን ይጨምራል" ይባልለታል። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። አንዳንዱ ለተሕዋስያኑ ምግብ ነው። አንዳንዱ መጠለያ ነው። አፈሩ ውስጥ ያልነበረ አዲስ ተሕዋስ ይዞ የሚመጣው ጥቂቱ ብቻ ነው።

አቋሜን ከአሁኑ ልንገራችሁ። አብዛኛው የጓሮ አፈር የተሕዋስያን ድሃ አይደለም። በአንድ ግራም ለም አፈር ውስጥ ብቻ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። የሚቸገሩት ምግብና እርጥበት አጥተው፣ በየጊዜው በቁፋሮ እየታመሱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያሉትን መመገብ፣ ቀጥሎ መጠለያ መስጠት፣ መግዛት ደግሞ በመጨረሻ። ይህ ቅደም ተከተል የማይሠራባቸው ጥቂት ሁኔታዎች አሉ። እነሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ገንዘብ የሚባክነውም ትልቅ ጥቅም የሚገኘውም እዚያ ነውና።

ተሕዋስያኑ ለተክሉ ምን ያደርጉለታል?

ተክል በቅጠሉ ካመረተው ስኳር የተወሰነውን በሥሩ በኩል ወደ አፈር ይለቃል። ይህን ስኳር ፍለጋ ባክቴሪያና ፈንገስ ሥሩ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ከሥሩ ጥቂት ሚሊሜትር ድረስ ያለችው ስስ አፈር ከቀረው አፈር በብዙ እጥፍ ሕይወት የሞላባት ለዚህ ነው። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሎሬንዝ ሂልትነር እ.ኤ.አ. በ1904 ይህችን ክፍል ራይዞስፌር ብሎ ሰየማት። ዛሬም በዚሁ ስም ትጠራለች።

ለምርጫችን የሚጠቅሙን አራት ሥራዎች ናቸው። አንደኛው ማብላላት ነው። ባክቴሪያና ፈንገስ ቅጠሉንና ፍጉን ይሰባብራሉ። ያገኙትን ናይትሮጅን ግን መጀመሪያ የሚያስገቡት ወደ ራሳቸው ሰውነት ነው። ከነሱ ተለቅ ያሉት ፕሮቶዞዋዎችና ጥቃቅን ትሎች ባክቴሪያዎቹን ሲበሉ ነው የተረፈው ናይትሮጅን ሥር በሚወስደው መልክ የሚለቀቀው። ጤናማ አፈር ውስጥ በዪውም ተበዪውም መኖር አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ሥራ ከአየር ናይትሮጅን መያዝ ነው። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆንም ተክል በቀጥታ ሊጠቀምበት አይችልም፤ የሚለውጡለት ባክቴሪያዎች ናቸው። ሦስተኛው ፎስፈረስንና ውሃን ከሩቅ ማምጣት ነው፤ ይህ የፈንገሶች ድርሻ ነው። አራተኛው ሥርን ከበሽታ መጠበቅ ነው።

አንድ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ከአራቱ የትኛው እንደጎደላችሁ ጠይቁ። "አፈሬን ሕያው ላድርገው" ብሎ መነሳት ጥሩ ሐሳብ ነው። ፓኬት ለመምረጥ ግን አይበቃም።

ኮምፖስት ወይስ የትል ኮምፖስት?

ሁለቱም ግሩም ናቸው። ልዩነታቸው በዋናነት ሙቀትና መጠን ነው።

በደንብ የተከመረ ኮምፖስት ከውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል። ይህ ሙቀት አብዛኛውን የአረም ዘርና በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይገድላል። ከ70 ዲግሪ በላይ ከሄደ ግን የሚያብላሉት ጠቃሚዎቹም ይጎዳሉ። ክምሩን የምናገላብጠው አየር እንዲገባው ብቻ ሳይሆን ዳር የነበረው ወደ ሞቃቱ መሐል እንዲገባም ነው። ክምሩ ለመሞቅ ሚዛን ይፈልጋል። ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ቢኖር በጥሩ ሁኔታ ይሠራል። በተግባር ይህ ማለት ደረቅ ቅጠልና ጭድ በዛ ብሎ፣ ከእርጥብ ሣር፣ ከልጣጭና ከፍግ ጋር በንብርብር መከመር ነው። ሽታው ከከበደ እርጥቡ በዝቷል ወይም አየር አንሶታል። ካልሞቀ ደግሞ ደርቋል፣ ወይ ናይትሮጅን አንሶታል፣ ወይም ክምሩ ትንሽ ነው።

የትል ኮምፖስት አይሞቅም፤ መሞቅም የለበትም። ለዚህ የሚረቡት ቀያዮቹ ትሎች ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው በደንብ የሚሠሩት። ጓሮውን የሚቆፍረው ተራ የምድር ትል ሳጥን ውስጥ አይበረክትም። ሙቀት ስለሌለው የአረም ዘርና በሽታ ሊተርፉበት ይችላሉ፤ ስለዚህ በሽታ የያዘው ቲማቲም ወይም ዘር ያፈራ አረም ትል ሳጥን ውስጥ አይግባ። በሌላ በኩል ውጤቱ የላመ፣ በንጥረ ነገር የዳበረና በተሕዋስያን የተሞላ ነው። ለችግኝ ማፍያ አፈር ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል መቀላቀል ይበቃዋል። ከዚያ በላይ መጨመር ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ጥቅም አያመጣም።

ሰፊ መደብ ካላችሁ ኮምፖስትን ምረጡ፤ መደብ በትል ውጤት ብቻ መመገብ ከባድ ነው። ያላችሁ በረንዳ ላይ የተደረደሩ የመትከያ ዕቃዎችና የጥቂት ሰው የወጥ ቤት ልጣጭ ከሆነ ደግሞ ትሎቹ ይሻሏችኋል። ሁለቱንም መያዝ ከተቻለ ኮምፖስቱን ለመደብ፣ የትሉን ለችግኝና ለዕቃ።

ስለ ኮምፖስት ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ። ሙቅ ክምር ውስጥ የሚኖሩት ተሕዋስያን በአብዛኛው ለክምሩ እንጂ ለቀዝቃዛው አፈር የተፈጠሩ አይደሉም። መደቡ ላይ ሲበተኑ ብዙዎቹ አይዘልቁም። ኮምፖስት አፈሩን የሚለውጠው እዚያ ለሚኖሩት ነባሮች ምግብና ቤት ስለሚሆን ነው። ስለዚህ "የተሕዋስያን ብዛቱ ይህን ያህል ነው" ተብሎ ከሚቀርብ ውድ ኮምፖስት ይልቅ በደንብ የበሰለና ብዛት ያለው ተራ ኮምፖስት እመርጣለሁ።

በደንብ የበሰለ ማለቴ ለምክንያት ነው። ያልበሰለ ኮምፖስት ከአፈሩ ናይትሮጅን ይሻማል፣ ለጋ ችግኝም ያቃጥላል። የበሰለው ቀዝቅዟል፣ የዝናብ አፈር ይሸታል፣ ምን እንደነበረ አይለይም። ከውጭ የመጣ ፍግ ወይም ኮምፖስት ከሆነ ደግሞ በአንድ ዕቃ ከአፈር ጋር ቀላቅላችሁ ባቄላ ወይም አተር ዝሩበት። አዲሶቹ ቅጠሎች ተጠማዘው ከወጡ ውስጡ የአረም ማጥፊያ ቅሪት ሊኖር ስለሚችል መደቡ ላይ አታድርጉት። ጥሬ ፍግ ከሆነ የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ ከመሬት ጋር ለሚነካካ ሰብል ምርቱ ከመሰብሰቡ ቢያንስ 120 ቀን በፊት፣ ለማይነካካው ቢያንስ 90 ቀን በፊት አፈር ውስጥ መቀላቀል አለበት ይላል። ለጓሮም ጥሩ መለኪያ ነው።

መጠኑም ገደብ አለው። ለአንድ መደብ በዓመት ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ውፍረት ይበቃል። በየዓመቱ በፍግ የተሠራ ኮምፖስት በገፍ ከተጨመረ ፎስፈረስ ይከማቻል። ፎስፈረስ በበዛበት አፈር ተክሉ ጠቃሚውን ፈንገስ ስለማይፈልገው ስኳር ይነሳዋል።

የኮምፖስት ሻይና ቦካሺ

የኮምፖስት ሻይ ማለት ኮምፖስት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ብዙውን ጊዜም ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን አየር እየነፉበት የሚዘጋጅ ፈሳሽ ነው። የሙከራ ውጤቶቹ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። አንዱ ጋ ሠርቷል የተባለው ሌላ ጋ ምንም አላመጣም። ሞላሰስ ወይም ስኳር ከተጨመረበት እንደ ኢ. ኮላይ ያሉ ጎጂ ባክቴሪያዎችም አብረው ሊራቡበት ይችላሉ። ጥሬ በሚበላ ቅጠል ላይ እንዲረጭ አልመክርም። ኮምፖስቱ ካላችሁ በቀጥታ መደቡ ላይ አድርጉት። ድካሙም ይቀንሳል፣ ጥቅሙም የተረጋገጠ ነው።

ቦካሺ ሌላ ነገር ነው። አየር በማይገባበት ባልዲ የወጥ ቤት ትርፍራፊን በላክቲክ አሲድ ባክቴሪያና በእርሾ ማብላላት ነው። አሁን በስፋት የሚሸጠው "ኢኤም" የተባለው ድብልቅ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጃፓን ኦኪናዋ፣ በርዩክዩ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር በነበሩት ቴሩዎ ሂጋ የተዘጋጀ ነው። የቦካሺ ትልቁ ጥቅም የበሰለ ምግብንና ሥጋን ጭምር መቀበሉ ነው። ሁለት ሳምንት ገደማ ባልዲ ውስጥ ቆይቶ አፈር ውስጥ ይቀበራል። አሲዳማ ስለሆነ ከመትከላችሁ በፊት ሌላ ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቁት። ትርፍራፊን ለማስወገድ ከሆነ ደስ ብሏችሁ ተጠቀሙበት። ፈሳሹን ብቻ እየገዙ አፈር ላይ ማፍሰስ ግን አይታየኝም። አየር በሌለበት፣ ጎምዛዛ ቦታ የሚመቻቸው ተሕዋስያን አየር በሚገባው አፈር ውስጥ እንደ ነባሮቹ አይበረቱም።

ጉዝጓዝና አለመቆፈር

ከሁሉም ትንሽ ወጪ ያለው አማራጭ ይኸው ነው። ከሁሉም ችላ የሚባለውም ይኸው ነው።

ፈንገስ አፈር ውስጥ የሚዘረጋቸው ክሮች በአካፋ ወይም በዶማ በተገለበጡ ቁጥር ይበጣጠሳሉ። ባክቴሪያ ቶሎ ያገግማል፣ ፈንገስ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ መደቡን በየወቅቱ እየገለበጡ ፈንገስ በፓኬት መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። አንድን መደብ ከመጀመሪያው አንዴ ቆፍሮ ማለስለስ ችግር የለውም። ከዚያ በኋላ ኮምፖስቱን ከላይ መዘርጋት፣ በላዩ ጉዝጓዝ ማድረግ፣ ለችግኙ የሚበቃውን ብቻ መክፈት።

ጭድ፣ ደረቅ ቅጠል ወይም ደርቆ የተከተፈ ሣር ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ውፍረት ይነጠፍ። ግንዱን አይንካ፤ አንገቱ እርጥብ ሆኖ ይበሰብሳል። የተሸፈነ አፈር በፀሐይ አይጋገርም፣ ቶሎም አይደርቅም።

ሰጋቱራ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ካርቦኑ ከናይትሮጅኑ ከ300 እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ጭድ ራሱ 80 እጥፍ ገደማ ነው። እነዚህ ከአፈሩ በላይ ሲነጠፉ ብዙም አይጎዱም። አፈር ውስጥ ከተቀላቀሉ ግን ተሕዋስያኑ እነሱን ለማብላላት ያለውን ናይትሮጅን ሁሉ ይወስዱና ተክሉ ቢጫ ይሆናል።

ራይዞቢየም፦ ሳላመነታ የምመክረው ፓኬት

ራይዞቢየም በጥራጥሬ ሥር እባጭ ውስጥ እየኖረ የአየርን ናይትሮጅን ለተክሉ የሚለውጥ ባክቴሪያ ነው። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄርማን ሄልሪጌልና ባልደረባው ሄርማን ቪልፋርት እ.ኤ.አ. በ1886 ጥራጥሬዎች ከአየር ናይትሮጅን እንደሚያገኙ አሳዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሆላንዳዊው ማርቲነስ ቤይሪንክ ባክቴሪያውን ከሥር እባጭ ውስጥ ለይቶ አወጣ። ብዙም ሳይቆይ ባክቴሪያው ለገበያ መዘጋጀት ጀመረ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ጥቅሙ ስለሚታይ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ዝምድናው ነው። እያንዳንዱ የጥራጥሬ ወገን የራሱን ባክቴሪያ ይፈልጋል። ለአተር፣ ለባቄላ፣ ለምስርና ለጓያ የሚሆነው አንድ ዓይነት ነው። ቦሎቄ ሌላ ይፈልጋል። አኩሪ አተር ብራዲራይዞቢየም የተባለውን ዘመዱን ባክቴሪያ ይፈልጋል። ሽምብራም የራሱ አለው። አልፋልፋና አብሽ ደግሞ አንድ ላይ ይሄዳሉ። ለአኩሪ አተር የተዘጋጀውን ለአተር ብትጠቀሙ ምንም አታገኙም። ፓኬቱ ላይ የሰብሉ ስም ካልተጻፈ አትግዙ።

መቼ ያስፈልጋል? ያንን ሰብል ወይም ዘመዱን መሬቱ ላይ ዘርታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ወይም ብዙ ዓመት ካለፈው። አምና ባቄላ ከነበረበትና ደህና እባጭ ካያችሁ ባክቴሪያው አለ ማለት ነው። ለማረጋገጥ አበባ ሲጀምር አንድ ተክል ከነአፈሩ በጥንቃቄ አውጡ። ሳትጎትቱ ቆፍራችሁ አውጡት፤ ሲጎተት እባጮቹ አፈር ውስጥ ይቀራሉ። አንዱን እባጭ በጥፍር ክፈሉት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም።

አያያዙ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ፓኬቱ ውስጥ ያለው በሕይወት ያለ ፍጥረት ነው። ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፣ የመጠቀሚያ ቀኑ አይለፍ። ዘሩን ጥላ ሥር በትንሽ ስኳር ውሃ አርጥባችሁ ከፓኬቱ ባክቴሪያ ጋር እሹት፤ በዚያው ቀን እርጥብ አፈር ውስጥ ዝሩና ወዲያው አልብሱት። በፀረ ፈንገስ መድኃኒት የታሸ ዘር ላይ ባክቴሪያው ሊሞት ይችላል። ናይትሮጅን ማዳበሪያ አብራችሁ በብዛት ከጨመራችሁም ተክሉ እባጭ መሥራቱን ይተዋል። ፒኤቹ ከ5.5 በታች በሆነ አሲዳማ አፈር ደግሞ መጀመሪያ ኖራ ነው የሚያስፈልገው።

ከባክቴሪያው የሚገኘው ናይትሮጅን አብዛኛው ወደ ፍሬው ይሄዳል። ለሚቀጥለው ሰብል እንዲተርፍ ከፈለጋችሁ ፍሬውን ከለቀማችሁ በኋላ ተክሉን ከነሥሩ አትንቀሉ። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ ሥሩ እዚያው ይበስብስ።

ማይኮራይዛ፦ ሁኔታው ይወስነዋል

ጀርመናዊው ሳይንቲስት አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1885 ማይኮራይዛ ብሎ የሰየመው በፈንገስና በሥር መካከል ያለውን ዝምድና ነው። ፎስፈረስ አፈር ውስጥ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ሥሩ በዙሪያው ያለውን ወስዶ ሲጨርስ ሌላው ቶሎ አይደርስለትም። ከሥር ፀጉር የቀጠኑት የፈንገስ ክሮች ግን በርካታ ሴንቲሜትር ርቀው ሄደው ያመጡለታል። በምላሹ ስኳር ያገኛሉ።

ታዲያ ለምን በሙሉ ልብ አልመክረውም? አንደኛ፣ አብዛኛው መሬት ውስጥ ፈንገሱ አለ። ሁለተኛ፣ ሁሉም ተክል አይቀበለውም። ጎመን፣ ብሮኮሊ፣ ራዲሽና ሰናፍጭ ከዚህ ፈንገስ ጋር አይወዳጁም። ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና ስፒናችም እንደዚያው። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ በቆሎና ጥራጥሬዎች ግን ይቀበሉታል። ሦስተኛ፣ ገለልተኛ ሙከራዎች ገበያ ላይ ካሉት ውስጥ ብዙዎቹ ሥር ውስጥ ጭራሽ እንደማይገቡ አሳይተዋል።

የሚጠቅምበት ቦታ ግን አለ። በሙቀት ወይም በእንፋሎት የጸዳ የመትከያ አፈር ውስጥ ፈንገሱ የለም። የላይኛው አፈር ተጠርጎ የታችኛው ጥልቅ አፈር ብቻ በቀረበት አዲስ ግቢም ሊጠፋ ይችላል። እዚህ ከገዛችሁ ዝርዝሩን አንብቡ። ለአትክልት የሚሆኑት ግሎመስ ወይም ራይዞፋገስ የሚባሉት ናቸው። ፒሶሊተስና ራይዞፖጎን እንደ ፓይን ላሉ ዛፎች ናቸው፤ ለቲማቲም ምንም አይሠሩም። ከላይ መበተን ዋጋ የለውም። ሥሩን መንካት ስላለበት ችግኙ የሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ አድርጉት። ፎስፈረስ ማዳበሪያ አብራችሁ አትጨምሩ።

ምንም ሳትገዙ ፈንገሱን ማብዛትም ይቻላል። ያለ ሕያው ሥር መኖር ስለማይችል መደቡን ለወራት ባዶ አትተዉት። ጎመን ካነሳችሁበት መደብ ላይ ቀጥሎ ሽንኩርት፣ በቆሎ ወይም ጥራጥሬ ትከሉ።

ትራይኮደርማና ባሲለስ

እነዚህ ጠባቂዎች ናቸው። ትራይኮደርማ ራሱ ፈንገስ ሆኖ ሌሎች ጎጂ ፈንገሶችን የሚያጠቃ ነው። ባሲለስ ሰብቲሊስ ባክቴሪያ ነው፤ ጠንካራ ስፖር (ክፉ ጊዜ የሚያልፍበት ዘር መሰል ቅርጽ) ስለሚሠራ መደርደሪያ ላይ ከሌሎቹ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ችግኞቻችሁ ብቅ ካሉ በኋላ ከአንገታቸው እየበሰበሱ የሚወድቁ ከሆነ ሲዘራ አብሮ መጠቀም ሊረዳ ይችላል። የታመመውን አያድንም። ውሃ እየበዛበት አየር ያጣ ማፍያም በዚህ አይስተካከልም፤ መጀመሪያ ውሃውን ቀንሱ። ትራይኮደርማን ከፀረ ፈንገስ መድኃኒት ጋር አትቀላቅሉት።

በየትኛውም ፓኬት ላይ የተሕዋሱ ሙሉ ስም፣ በግራም ስንት ሕያው እንዳለ፣ የመጠቀሚያ ቀንና የአቀማመጥ መመሪያ ሊኖር ይገባል። "ሃያ ዓይነት ተሕዋስያን" የሚል ጽሑፍ አያማልላችሁ። ስሙ የታወቀ አንድ ዓይነት ካልታወቁት ሃያዎቹ ይበልጣል።

የናንተ ጓሮ የትኛው ነው?

ዓመታት የታረሰና አረም በደንብ የሚያበቅል መሬት ከሆነ ኮምፖስትና ጉዝጓዝ ብቻ ይበቃችኋል። ጥራጥሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትዘሩ ከሆነ ራይዞቢየም ጨምሩ። ግንባታ ያለቀበትና የተረገጠ አዲስ ግቢ ከሆነ ደግሞ ብዙ ኮምፖስት፣ ቀጥሎ ሥሩ የሚጠልቅ ጥራጥሬ፣ ለዛፍ ችግኝ ማይኮራይዛ። በዕቃ የምትተክሉ ከሆነ የትል ኮምፖስት ቀዳሚ ነው። የታሸገ አፈር ስትከፍቱ ፊታችሁን አርቁ፣ አቧራው እንዳይነሳ አርጥቡት፣ እጃችሁንም ታጠቡ፤ ሌጂዮኔላ የተባለ የሳምባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ አንዳንዴ ይኖርበታል።

መወሰን ካቃታችሁ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ጥልቀት ቅበሩና ከሁለት ወር በኋላ አውጡት። አፈሩ ርጥበት እያለው ጨርቁ ሳይነካ ከወጣ የሚያብላሉት ተሕዋስያን ደክመዋል ማለት ነው፤ ከኮምፖስት ጀምሩ። ተበጣጥሶ ከወጣ ግን ፓኬት ለመግዛት አትቸኩሉ።

ከገዛችሁም ግማሹን መደብ ሳትነኩ ተዉት። ዘሩ፣ ቀኑና ውሃው ለሁለቱም ግማሽ አንድ ይሁን። ምርቱን ለየብቻ መዝኑ፣ ጥራጥሬ ከሆነም ከሁለቱም በኩል ጥቂት ተክል አውጥታችሁ እባጮቹን አስተያዩ። ልዩነት ካላያችሁ በሚቀጥለው ወቅት ያንን ገንዘብ ለጭድና ለፍግ አውሉት።